ዜግነት በቤት ቁጥር

አብዮቱ የገጠሩን መሬት ወረሰ። ባንኩን ወረሰ፣ የከተማውን ቦታና ትርፍ ቤት ወረሰ። ንጉሡን በቮልስዋገን ጭኖ ከቤተ መንግሥት አወጣ። ራስና ደጃዝማች መባባሉን አስቀርቶ ሰውን ሁሉ «ጓድ» አደረገው። የዜግነት ሕጉን ግን አልነካውም።

በ1922 ዓ.ም. የወጣው የዜግነት ሕግ፣ ንጉሡ መስከረም 2 ቀን 1967 ከወረዱ በኋላ ሌላ 29 ዓመት ኖሯል። የተተካው በአዋጅ ቁጥር 378/1996 ነው። ደርግ ሙሉ ዘመኑን፣ ኢሕአዴግም ከአሥር ዓመት በላይ የገዙን የዘውዱ በዓል እንኳ ሳይከበር በወጣ ሕግ ነበር ማለት ነው። ሕጉ ደግሞ ነገር አያበዛም። ከኢትዮጵያዊ አባት ወይም እናት የተወለደ ሰው፣ እዚህም ይወለድ ውጭ፣ ኢትዮጵያዊ ነው ይላል። እናትን ከአባት እኩል ማስቀመጡ ለዘመኑ የሚያስገርም ነው።

ታዲያ ሕጉ ይህን ያህል ጸንቶ ከቆየ፣ በእነዚያው ዓመታት እዚህ መሀል አዲስ አበባ ውስጥ ሰው በማንነቱ የታሰረው፣ የተገደለው፣ ከሀገር የተባረረው በየትኛው ሕግ ነው? እኔ የምለው ይህ ነው። በዚህች ከተማ ዜግነትን በተግባር ሲሰጥና ሲነሳ የኖረው ቀበሌ ነው። አብዮት በመጣ ቁጥር የተቀየረው ከመስኮቱ ጀርባ የተቀመጠው ሰው የሚጠይቀው ጥያቄ ነው። አሁን ደግሞ ጥያቄውም መስኮቱም ሰፈሩም አንድ ላይ እየተቀየሩ ነው። ለዚህ ነው ነገሩ ዛሬ ሊነሳ የሚገባው።

ከቀበሌ በፊት ሰው የሚታወቀው በጌታው ነበር። ከተማዋ ስትቆረቆር ለመኳንንቱ ቦታ ተሰጠ፣ ጭፍራውና ሎሌው ዙሪያውን ሰፈረ። ደጃች ውቤ ሰፈር፣ ራስ መኮንን ድልድይ፣ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ የሚሉት ስሞች ከዚያ የቀሩ ናቸው። «የማን ነህ?» ሲባል መልሱ የሰው ስም ነው። ሥራ ለመግባት ዋስ፣ ቤት ለመከራየት ዋስ፣ ከእስር ለመውጣት ዋስ ያስፈልጋል። ዋስ የሌለው መጤ ከተማ ውስጥ እያለም የለም።

በ1966 የካቲት ታክሲ ነጂው በነዳጅ ዋጋ፣ መምህሩ በትምህርት ፖሊሲው አድሞ ከተማው ሲናጥ የዳቦ ጥያቄ ብቻ አልነበረም የተነሣው። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 የወጣው የሙስሊሞች ሰልፍ ለእኔ ከዚያ ዓመት ሰልፎች ሁሉ ስለ ዜግነት በግልጽ የተናገረ ነው። ሰልፈኛው ከጠየቃቸው ነገሮች አንዱ «በኢትዮጵያ የሚኖሩ ሙስሊሞች» መባሉ ቀርቶ «የኢትዮጵያ ሙስሊሞች» መባል ነበር። የ1922ቱ ሕግ እነዚህን ሰዎች ኢትዮጵያዊ ካላቸው 44 ዓመት ሆኖታል። በዓላቸው ግን በሀገሪቱ የበዓል መቁጠሪያ ውስጥ አልነበረም። ሥልጣን የያዘው ደርግ ብዙ ሳይቆይ ኢድ አልፈጥርን፣ አረፋንና መውሊድን ሕዝባዊ በዓል አድርጎ አወጀ። አብዮቱ ከሠራቸውና እስከ ዛሬ ማንም ካልተከራከረባቸው ጥቂት ነገሮች አንዱ ይህ ነው።

ከዚያ ሁሉን የቀየረው አዋጅ መጣ። ሐምሌ 19 ቀን 1967፣ አዋጅ ቁጥር 47። ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ትርፍ ቤት የተወረሰበት ስለሆነ ነው። አንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት፣ ቦታውም ከ500 ካሬ ሜትር የማይበልጥ። የተረፈው የመንግሥት። ወርሃዊ ኪራዩ እስከ 100 ብር የሆነው ወደ ቀበሌ ገባ፣ ከዚያ በላይ ያለው ወደ ኪራይ ቤቶች ሄደ። ዝቅተኛ ኪራይ ይከፍል የነበረው ሰው እስከ ግማሽ ተቀነሰለት። ይሄኛው ወገን በደንብ ተጽፏል፣ ባለቤቶቹም ልጆቻቸውም እስከ ዛሬ ያነሱታል።

ያው አዋጅ ያመጣው ሌላ ነገር ግን ነበር። ቤቱን የሚያስተዳድር አካል ስላስፈለገ የከተማ ነዋሪዎች ማኅበር ተቋቋመ። ቀበሌ ማለት ይህ ነው። ስለዚህ ቀበሌ ከመጀመሪያው የቤት ድርጅት ነው። ሰውን የመዘገበው በቤት ነው። የቤት ቁጥር ተሰጠ፣ በቆርቆሮው በር ላይ ተቀባ ወይም ተመታ፤ ከዚያ ቁጥር ሥር አባወራው፣ ሚስቱ፣ ልጆቹ፣ ደባሉ፣ የቤት ሠራተኛዋ ተጻፉ። እስከዚያ ቀን ድረስ በመንግሥት ወረቀት ላይ ስሟ ሰፍሮ የማያውቅ ገረድ ከእመቤቷ እኩል በአንድ መዝገብ ሰፈረች። እመቤቷ ባለ ትርፍ ቤት ከሆኑ ደግሞ ለተወሰነ ጊዜ ከቀበሌ አመራርነት ሲታገዱ፣ ገረዲቱ ስብሰባ ላይ እጇን አውጥታ ትመርጥ ነበር። ያንን ዓመት የኖሩ ሰዎች ሲያወሩ ዓይናቸው የሚያበራው እዚህ ላይ ነው። ዜጋ መሆን በሕግ መጽሐፍ ሳይሆን በአዳራሽ ወንበር የታየበት ቀን ነበር።

ነገሩ እያደር ከበደ። ስኳር፣ ጤፍና ዘይት በቀበሌ ሱቅ በኩል በራሽን ሲታደል፣ መዝገቡ ውስጥ የሌለ ሰው ስኳር የለውም። ትምህርት ቤት ማስገቢያ ደብዳቤ ከቀበሌ። ነጻ ሕክምና ማጻፊያ ከቀበሌ። ከከተማ ለመውጣት ይለፍ፣ እሱም ከቀበሌ። ዋስነቱ ከጌታው ወደ ቀበሌው ተዛወረ እንጂ አልቀረም። አሮጌው ጌታ ሎሌውን በስም ያውቀው ነበር። አዲሱ የሚያውቀው በቁጥር ነው።

ሰፈሮቹም በቁጥር ተጠሩ። ከተማዋ በ25 ከፍተኛ ተከፈለች፤ ከፍተኛ ይህን ያህል፣ ቀበሌ ይህን ያህል። የሚገርመው ሰዉ ቁጥሩን ለፎርም ብቻ ተጠቅሞ አሮጌውን ስም ለአፉ ማስቀረቱ ነው። ታክሲ ላይ «ከፍተኛ እንትን ወራጅ» ያለ ሰው አልሰማንም። በ1995 ገደማ ከፍተኛው ቀርቶ ክፍለ ከተማ መጣ፣ ኋላ ቀበሌው ራሱ ወረዳ ተባለ። ዛሬም ግን ሰው ወረዳ ሄዶ «ቀበሌ ነበርኩ» ነው የሚለው።

የመዝገቡ ክፉ ፊት የታየው በ1969 ነው። መጋቢት ላይ ከተማው ተዘግቶ የቤት ለቤት አሰሳ ተካሄደ። አሰሳ ማለት በሩን ከፍቶ የገባው አብዮት ጠባቂ በእጁ የያዘውን መዝገብ ቤት ውስጥ ካለው ሰው ጋር ማመሳከር ነው። መዝገቡ ላይ ያለ ቤት ውስጥ ከሌለ የት ሄደ? ቤት ውስጥ ያለ መዝገቡ ላይ ከሌለ ማን ነው? የዚህኛው መልስ አንድ ቃል ነበር፤ ፀጉረ ልውጥ። ከጎጃም ለሕክምና የመጣ አጎት ፀጉረ ልውጥ ነው። ለክረምት የመጣች የአክስት ልጅ ፀጉረ ልውጥ ናት። የ1922ቱ ሕግ ሁለቱንም ኢትዮጵያዊ ይላቸዋል፤ ያን ሌሊት ግን የሚያድናቸው ቀበሌያቸው የጻፈላቸው ወረቀት እንጂ ሕጉ አልነበረም።

ሚያዝያ ላይ መንግሥቱ ኃይለማርያም ቀይ ፈሳሽ የሞላ ጠርሙስ አብዮት አደባባይ ላይ ሰበሩ። ከዚያ በኋላ የሆነውን እዚህ መዘርዘር አልፈልግም፤ አደባባዩ መስቀል አደባባይ ተብሎ ወደ ስሙ ተመልሷል፣ ከ2002 ጀምሮም እዚያው ዳር የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም አለ። ገብቶ ፎቶዎቹን ማየት ይቻላል። ለዚህ ጽሑፍ የሚጠቅመኝ አንድ ነገር ነው፤ የስም ጉዳይ።

በኅቡዕ የሚንቀሳቀስ ወጣት ሁለት ስም ነበረው። አንዱ እናቱ ያወጡለት፣ ቀበሌው የመዘገበው ስም ነው። ሌላው የድርጅት ስም። የሕዋስ ጓዶቹ የሚያውቁት በሁለተኛው ነው፤ ቢያዙ አንዱ ሌላውን እንዳያስይዝ ሆን ተብሎ የተደረገ ነው። ጥበቡ ጥሩ ነበር። ዋጋው የታወቀው በኋላ ነው። እናት ልጃቸውን ፍለጋ ከእስር ቤት እስር ቤት ሲዞሩ የሚጠሩት የቤት ስሙን ነው። አብሮት የታሰረው ጓደኛ ደግሞ ያን ስም ሰምቶት አያውቅም። ሁለቱ ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸው የታወቀው ሰውየው ካለፈ በኋላ የሆነባቸው ቤቶች አሉ።

በዚያው ዓመት በየቀበሌው አዳራሽ የማጋለጥ ስብሰባ ይጠራ ነበር። ሰው ጎረቤቱ ፊት ተነሥቶ ማን እንደነበረ፣ ከማን ጋር እንደዋለ ይናገራል። ያጋለጠ ይድናል ተብሎ ነበር፤ የዳነም አለ፣ ያልዳነም አለ። ከጥቂት ዓመት በፊት ገረዲቱ እጇን አውጥታ የመረጠችበት አዳራሽ ያው ነው። አብዮት ሰውን ሊያገኘው የሚፈልገው ሙሉ በሙሉ ነው። ታክስ መክፈሉና ሕግ ማክበሩ አይበቃውም፤ ልቡም እንዲመዘገብ ይፈልጋል። ይህ ለፈረንሳይም ለሩሲያም አብዮት የሚሠራ ነገር ነው። የእኛው ግን መዝገቡን የያዘው ሰው ግድግዳ የሚጋራ ጎረቤት መሆኑ ለየት ያደርገዋል። አዳራሾቹ ኋላ ላይ የቪዲዮ ቤት፣ የሠርግ ቤት፣ የርካሽ ድራፍት መሸጫ ሆኑ። እኛ ልጆች ሆነን የምናውቃቸው ለዚያ ነው።

በደርግ ዘመን መስኮቱ ላይ ያለው ጥያቄ የመደብ ነበር፤ ሠርቶ አደር ነህ ወይስ አድኃሪ? በ1983 ግንቦት ጥያቄው ተቀየረ። ሌኒን ከአፍሪካ አዳራሽ አጠገብ ከቆመበት ወረደ፣ የመታወቂያው ፎርም ላይ ደግሞ «ብሔር» የሚለው መስመር ዋናው ሆነ። ጥያቄው ከሰማይ የወረደ አይደለም። ኅዳር 1962 ዋለልኝ መኮንን በዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች መጽሔት ላይ አንሥቶታል፤ ኢትዮጵያዊ መባል የአንድ ባህል ጭንብል ማጥለቅ ሆኗል ነበር ክርክሩ። ክርክሩ እውነት ነበረው። ኅዳር 29 ቀን 1987 የጸደቀው ሕገ መንግሥት ሲጀምር «እኛ የኢትዮጵያ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦች፣ ሕዝቦች» ይላል። አንቀጽ 6 ያው የ1922ቱን ሐሳብ ይደግማል፤ ከወላጆቹ አንዱ ኢትዮጵያዊ የሆነ ሰው ኢትዮጵያዊ ነው። ዜጋው በአንቀጽ 6 ብቻውን ይቆማል፣ በመግቢያው ግን በቡድን ነው የሚገባው። ላለፉት 30 ዓመታት ስንጨቃጨቅ የኖርነው በእነዚህ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች መካከል ነው ብል ብዙም አላጋነንኩም።

ፎርሙ ላይ ሲደርስ ነገሩ ቀላል ነበር፣ ደግሞም አስቂኝ። ያን መታወቂያ ያወጣ ሰው አይረሳውም። እጥፍ ካርቶን፣ ጉርድ ፎቶ፣ ግማሹ ፎቶው ላይ ግማሹ ወረቀቱ ላይ ያረፈ ክብ ማኅተም። ሙሉ ስም። የትውልድ ዘመን። ብሔር። ሥራ። የቤት ቁጥር። በአደጋ ጊዜ ተጠሪ። እናቷ የወሎ፣ አባቷ ጉራጌ፣ እሷ ፒያሳ ተወልዳ ያደገች ልጅ ሦስተኛው መስመር ላይ ስትደርስ ትቆማለች። «ኢትዮጵያዊ ብለህ ጻፍልኝ» ትላለች። «እሱ ዜግነት ነው፣ ብሔር ነው የጠየቅኩሽ» ይላታል። «ታዲያ ሁለቱም ነው» ትላለች። ከኋላ ሰልፉ ረዝሟል። «እሺ በአባትሽ ልጻፈው» ብሎ ይጽፈዋል። አለቀ። ሕገ መንግሥቱ ለዓመታት የተከራከረበትን ጥያቄ የቀበሌው ጸሐፊ በግማሽ ደቂቃ መለሰው፣ ያውም በእስክሪብቶ። ይህ ውይይት በከተማው ስንት ጊዜ እንደተደገመ የኖረበት ሁሉ ያውቃል። ብዙ ሰው በዚያ መስመር አልተጎዳም፣ ረስቶትም ይኖር ነበር። መስመሩ አደገኛ የሚሆነው ሌላ ሰው ሊያነበው ሲፈልግ ነው።

ሊነበብ የሚችል መስመር ምን እንደሚያደርግ ከተማዋ በ1990 አይታለች። ሚያዝያ 1985 በኤርትራ ሪፈረንደም የመረጡ ብዙ ሰዎች አዲስ አበባ ውስጥ የሚኖሩ፣ የቀበሌ መታወቂያ የያዙ፣ እድር የገቡ ነበሩ። ያን ጊዜ ምርጫው ችግር አልነበረውም። ግንቦት 1990 ጦርነቱ ሲነሣ የዚያ ቀን ድምፅ የውጭ ዜግነት ማስረጃ ሆኖ መጣ። በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ተባረሩ። መለስ ዜናዊ በሬዲዮ የተናገሩት፣ የዓይናችሁ ቀለም አላማረንም ብንል እንኳ መውጣት አለባቸው የሚል መንፈስ ያለው ንግግር እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። ታኅሣሥ 1997 የኢትዮጵያና የኤርትራ የካሣ ኮሚሽን ነገሩን ሲመረምር በሪፈረንደሙ ለመሳተፍ የተመዘገቡት ሰዎች የኤርትራ ዜግነት ማግኘታቸውን፣ የኢትዮጵያውንም አለመነጠቃቸውን፣ ስለዚህም ጥምር ዜጎች እንደነበሩ ወሰነ። ሰዎቹ ግን ከሄዱ ስድስት ዓመት አልፏቸዋል። ቤታቸውን ጎረቤት ይጠብቅላቸው የነበረበት ሰፈር አለ፣ ጎረቤት የተሻማበትም አለ። ልብ በሉ፤ ሰዎቹ ሲባረሩም በሥራ ላይ የነበረው ያው የ1922 ሕግ ነው።

የ2010ሩን ለውጥ አብዮት የሚለውም የማይለውም አለ፤ እኔ ስሙ ላይ አልጣላም። መስኮቱ ላይ የሆነው ግን ሁለት ተቃራኒ ነገር ነው። በአንድ በኩል «ብሔር» የሚለው መስመር እየጠፋ ሄደ። በሌላ በኩል ጥቅምት 23 ቀን 2014 በታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ መታወቂያ ይዞ መንቀሳቀስ ግዴታ ሆነ፣ አከራዮችም ተከራዮቻቸውን እንዲያስመዘግቡ ታዘዘ። በዚያ ሰሞን በከተማዋ የተፈጸሙት እስሮች በብሔር ማንነት ላይ የተመሠረቱ መምሰላቸው እንደሚያሳስበው የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ራሱ ተናግሯል። ፀጉረ ልውጥ የሚለው ቃል ከ1969 በኋላ እንደገና በየሰፈሩ ተሰማ። ከካርዱ ላይ የተፋቀው መስመር ሰው ስም ላይና ንግግር ላይ ይነበባል ማለት ነው። መስመሩን ማውጣቱ ጥሩ ነው፤ እሱ ብቻውን ግን ማንንም አያድንም።

አሁን ደግሞ ፋይዳ አለ። አዋጅ ቁጥር 1284/2015። የአሥር ጣት አሻራ፣ የሁለት ዓይን ብሌን፣ የፊት ፎቶ፣ 12 አኃዝ ቁጥር። ብሔር አይጠይቅም፣ ሃይማኖት አይጠይቅም። ባንኩም ሌላውም መሥሪያ ቤት እየጠየቀው ስለሆነ ሰው ተሰልፎ ያወጣዋል። እኔ ደጋፊው ነኝ። አንድ ሰው አንድ ጊዜ ብቻ መቆጠሩ፣ ጸሐፊው «በአባትሽ ልጻፈው» የማይልበት ፎርም መኖሩ ትልቅ ነገር ነው።

ነገር ግን ብዙ ሰው ያላስተዋለው ነገር አለ። ፋይዳ የዜግነት ማስረጃ አይደለም። የነዋሪ መታወቂያ ነው፤ እዚህ በሕጋዊ መንገድ የሚኖር የውጭ ሰውም ያወጣዋል። አንድን ሰው ከሌላው ይለያል፣ ያ ሰው የማን ሀገር እንደሆነ ግን አይናገርም። እንዲናገር ታስቦም አልተሠራም። አሮጌው የቀበሌ ካርቶን በሕግ ነዋሪነትን ብቻ እየመሰከረ፣ በተግባር ዜግነትን፣ ቤትን፣ ዋስትናን ሁሉ ጠቅልሎ ይዞ ነበር። አዲሱ ካርድ የያዘው አንዱን ነው። የቀሩት የት ሄዱ?

የቀሩት ሰፈር ውስጥ ነበሩ፤ ሰፈሩ ደግሞ እየፈረሰ ነው። በ2016 ፒያሳ ተነሣ፣ ዶሮ ማነቂያ ተነሣ። በ2017 መጀመሪያ ካዛንቺስ ተነሣ። ከካዛንቺስ ብዙው ሰው ገላን ጉራ ገባ። ስለ ኮሪደር ልማቱ ውበትና ስለ አካሄዱ ፍጥነት ብዙ ተብሏል፤ መንገዱ አምሯል፣ ለመውጣት የተሰጠው ጊዜ ግን አጥሯል፤ ሁለቱም እውነት ነው። እኔ የማየው የመዝገቡን ጉዳይ ነው።

አንድ የቀበሌ ቤት ነዋሪ ሲነሣ ምትክ ቤት ይሰጠዋል። የሚለቀው ወርሃዊ ኪራዩ ከአንድ ማኪያቶ የማይበልጥ ጠባብ ቤት ነው፤ ግን መዝገብ ላይ አለ። የግል ቤት ባለቤት ቦታና ካሣ ይከራከራል። አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ለማኅበራዊ ትስስር መቋረጥም ካሣ እንዲከፈል ይላል። ሕጉ ራሱ ጎረቤት ዋጋ እንዳለው አምኗል ማለት ነው፤ ሲሰላ ሌላ ነገር ነው። ከእነዚህ ሁለቱ ውጭ ያለው ግን፣ ግቢው ውስጥ ተከራይቶ አሥር ዓመት የኖረው፣ ሰርቪስ ቤት የያዘው፣ የደባል ደባል የሆነው፣ የመዝገቡ ዳር ላይ ነው። ከ1967 ጀምሮ የቤት ቁጥር ያለው ሰው ዜጋ ነው ብለን ከተማውን ስለሠራነው፣ ቤቱ ሲፈርስ የቤት ቁጥር ያልነበረው ሰው ከሰው ቁጥርም ይጎድላል።

ስለ ቤት ቁጥር ካነሣሁ፣ በአሮጌው መታወቂያ ላይ «የቤት ቁጥር፦ አዲስ» የሚል የተጻፈባቸው ሰዎች ነበሩ። ቁጥር ያልተሰጠው ቤት ማለት ነው። ሰላሳ ዓመት የኖረ፣ ጭቃው የተቦረቦረ ቤት «አዲስ» ይባላል። አንዱ ቤት አዲስ፣ ከጎኑ ያለውም አዲስ። ደብዳቤ አድራሹ ምን ያድርግ? ሰፈሩን የሚያውቅ ስለሆነ ያደርሳል።

ሁሉም ነገር የቆመው በዚህ ዕውቀት ላይ ነበር። ልደቱን ሳያስመዘግብ የቀረ ጎልማሳ ፓስፖርት ሲፈልግ ከሰፈሩ ሦስት ምስክር ይዞ ይሄዳል። እትዬ እንትና ሲወለድ እዚያው ነበሩ። ጋሼ እንትና ክርስትናውን በልተዋል። ቀርበው ይፈርማሉ። እድሩም እንዲሁ ነው፤ ማን የማን ልጅ እንደሆነ፣ ማን መቼ ሰፈር እንደገባ ከቀበሌው መዝገብ ይልቅ የእድሩ ጸሐፊ ደብተር ያውቀዋል። በ1969 መዝገብ ይዘው የመጡትም፣ ሰው ያዳኑትም ያው ጎረቤቶች ናቸው። ስለዚህ ሰፈርን አላሞግስም። ነገር ግን ጋሼ እንትና ገላን ጉራ፣ እትዬ እንትና ልጃቸው ዘንድ ቦሌ አራብሳ ከሆኑ ምስክር የሚሆነው ማን ነው? ኮንዶሚኒየም ላይ ፊት ለፊት የሚኖረው ሰው ስምህን ለማወቅ ዓመት ይፈጃል።

መንግሥት ለዚህ መልስ አለው፤ ወሳኝ ኩነት ምዝገባ። አዋጅ ቁጥር 760/2004 ልጅ በተወለደ በ90 ቀን ውስጥ ይመዝገብ ይላል። የተመዘገበ ልጅ ሲያድግ ምስክር ፍለጋ አይዞርም። መልሱ ትክክል ነው። ዜግነት የጎረቤት አፍ ላይ መንጠልጠል የለበትም።

ግን ሂደቱን እስከ መስኮቱ እንከተለው። እናትየው ከወለደችበት ሆስፒታል የልደት ማሳወቂያ ወረቀት ይዛ ወረዳ ትሄዳለች። ወረዳው የነዋሪነት መታወቂያ ይጠይቃታል። እሷ ተከራይ ናት፤ መታወቂያ እንዲወጣላት አከራይዋ እዚህ ትኖራለች ብለው መፈረም አለባቸው። እሳቸው ደግሞ የኪራይ ግብር ይመጣብኛል ብለው አይፈርሙም። ከነበረችበት ወረዳ መሸኛ አምጪ ትባላለች። የነበረችበት ሰፈር የፈረሰ ነው፣ ፋይሏ ወደ የት እንደተዛወረ የሚነግራት እስክታገኝ ትመላለሳለች። 90 ቀኑ ያልፋል። ፋይዳ ቦርሳዋ ውስጥ አለ፤ አሻራዋም ዓይኗም ተመዝግቧል። ለዚህ ግን አይሠራላትም።

አዋጅ ቁጥር 378/1996 ተጥሎ የተገኘ ሕፃን፣ የውጭ ዜጋ መሆኑ እስካልተረጋገጠ ድረስ፣ ከኢትዮጵያዊ ወላጅ እንደተወለደ ይቆጠራል ይላል። ወላጁ የማይታወቅ ልጅ ያለ ምስክር ዜጋ ነው። እናቱ አቅፋው ወረዳ በር ላይ የቆመችው ልጅ ግን ወረቀቱን የሚያገኘው አከራያቸው ከፈረሙ ነው። መፍትሔው ከባድ አይደለም። ልጁ በተወለደበት ሆስፒታል፣ በእናቱ ፋይዳ ቁጥር፣ የቤት ቁጥር ሳይጠየቅ ይመዘገብ። የነዋሪነቱ ጉዳይ ከዚያ በኋላ ከአከራይዋ ጋር ይታይ።